የተጸለየበት ሽቦ

አንድ ሰው ነበረ። በየሰው ቤት መብራት የሚዘረጋ ሰው። ጣሪያ ውስጥ እየተሳበ የሚገባ፣ ግድግዳ እየቦረቦረ ሽቦ የሚቀብር፣ ሲወጣም የሸረሪት ድር ከፀጉሩ ላይ እያራገፈ የሚሄድ ሰው። ሥራው አይታይም። እናንተ አዲስ ቤት ስትገቡ ቀለሙን ታያላችሁ፣ በሩን ትዳስሳላችሁ፣ ወለሉን ታደንቃላችሁ። "ሽቦው እንዴት ያምራል!" ያለ እንግዳ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ግድግዳው ውስጥ ያለውን የሚያውቀው የቀበረው ሰው ብቻ ነው።

ስሙን ላምቤቦ እንበለው። የሚኖረው በሆሳዕና መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው።

የላምቤቦ እጅ የታመነ ነበር። የዘረጋው መብራት አይበላሽም፣ ያሰረው ሶኬት አይላቀቅም። አንድ ነገር ግን ያስቸግረው ነበር፤ ሰውን ቅር የሚያሰኝ ቃል መናገር አይችልም። እምቢ ማለት ሲኖርበት ጉሮሮው ይዘጋል፣ ጆሮው ይግላል፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። ሰዎች ይህን ጨዋነት ይሉታል። "ላምቤቦ እኮ ክፉ ቃል አይወጣውም" ይሉታል። እርሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ማን ደስ የማይለው አለ?

እርሱ የሚያመልክባት ቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት ልትሠራ ተነሣች። በከተማዋ ሆስፒታል ከገጠር የመጡ አስታማሚዎች በረንዳ ላይ ያድራሉ፤ የሚበሉት የላቸውም። በየሐሙሱ ለእነርሱ የሚበስልበት ወጥ ቤት ነው የታሰበው። አራት ትልልቅ ድስት በአንድ ጊዜ የሚጣድበት የኤሌክትሪክ ምድጃም ከአንድ ምእመን ተሰጠ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀመር እንዴት እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። እሑድ ቀን አንዱ ይነሣና "ሲሚንቶው የእኔ ነው" ይላል። ሌላው "ቆርቆሮው የእኔ ነው" ይላል። እልልታው ይቀልጣል። በዚያ እሑድ ጋሼ ኤርጊቾ ተነሡ። ሠላሳ ዓመት የጤና ጣቢያ ዘበኛ ሆነው ያገለገሉ፣ ባለቤታቸው በዓመቱ መጀመሪያ ያረፉባቸው ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "ብርቄ ዕድሜዋን በኩራዝ ነው የጨረሰችው" አሉ። "ለቤቱ የሚያስፈልገው ሽቦ በሙሉ በእርሷ ስም የእኔ ይሁን።"

ያላለቀሰ አልነበረም።

ላምቤቦ የሚገዛውን በወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣቸው። ለአምፖሎቹ ቀጭኑን፣ ለሶኬቶቹ መካከለኛውን፣ ለምድጃው ደግሞ ወፍራሙን፣ ባለ ስድስት ሚሊውን፣ ንጹሕ መዳብ የሆነውን። ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዓይናቸው ግን ደክሟል፤ ሱቅ ሲደርሱ ወረቀቱን አላወጡትም። ባለ ሱቁን "ለቤተ ክርስቲያን ነውና ጥሩውን ስጠኝ" አሉት። ባለ ሱቁም ሰጣቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ጥቅል ጥቅሉን ሽቦ እርሳቸው ራሳቸው በትከሻቸው ተሸክመው እስከ መድረኩ ድረስ አመጡት። ሽማግሌዎች ከበቡት፤ እጅ ጫኑበት፤ ጸለዩበት። "ይህ ሽቦ ለብዙዎች ብርሃን ይሁን" አሉ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ "አሜን!" አለ። ላምቤቦም "አሜን" አለ። አፉ አሜን ሲል ዓይኑ ግን ከሦስተኛው ወንበር ሆኖ ሽቦው ቀጭን መሆኑን አይቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ብቻውን ሆኖ ቢላውን አወጣ። የአንዱን ሽቦ ጫፍ ልጦ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከላይ ቀይ ነው። ሲፋቅ ግን ነጭ ሆነ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። ውፍረቱም ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ሁሉም ጥቅል ደግሞ አንድ ዓይነት ነው።

ሽቦ እንዲሁ ዝም ብሎ ገመድ አይደለም፣ ወገኖቼ። እያንዳንዱ የሚችለው ልክ አለው። ለአንድ አምፖል የሚሆነው ለምድጃ አይሆንም። ከልኩ በላይ ሲጫንበት አይጮህም፣ አያቃስትም፣ ውስጥ ለውስጥ ይግላል። የሸፈነው ላስቲክ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ነው። ላምቤቦ ይህን ያውቃል። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህን በደንብ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነበር።

ወደ ሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄደ።

"ወንድም አኒቶ፣ ይሄ ሽቦ ለምድጃው አይሆንም።"

"እንዴት አይሆንም? ሽቦ አይደለም እንዴ?"

"ሽቦማ ሽቦ ነው። ግን ቀጭን ነው። ደግሞ ንጹሕ መዳብ አይደለም።"

"አንተ ሰው!" ወንድም አኒቶ ሳቀ። "ትናንት እጅ የጫንበትን? ሕዝብ ሁሉ አሜን ያለበትን? ሽማግሌዎቹ ባረኩት፣ ላምቤቦ ሻረው ሊባል ነው?"

"አይ፣ እኔ እንኳ…"

"በል እንግዲያው አንተው ሂድና ለጋሼ ንገራቸው። 'በሚስትዎ ስም ያመጡት አይረባም' በላቸው። እኔ በዚህ ምላሴ አልላቸውም።"

ላምቤቦ ሄደ። በመንገድ ላይ ቃላቱን እየደጋገመ ሄደ። ጋሼ፣ ባለ ሱቁ ተሳስቶ ነው። ጋሼ፣ እንቀይረው። ጋሼ፣ ለአምፖል ይሆናል፤ የምድጃውን ብቻ ሌላ እንግዛ። አያችሁ? ቃላቱ ቀላል ናቸው። ሕፃን እንኳ ይላቸዋል።

"ና ግባ! የብርሃኑ ሰው!" አሉት ጋሼ ኤርጊቾ ከደጃፍ ሳይደርስ። ቆጮ በአይብ አቀረቡለት። የወይዘሮ ብርቄ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየዋል።

"ይበቃል ሽቦው? ቢጎድል እጨምራለሁ።"

"ይበቃል ጋሼ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ ብለህ ነው። ባለ ሱቁን ጥሩውን ነው ያልኩት። ጥሩ ነው አይደል?"

ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ይጠብቃሉ። ላምቤቦ መሬት መሬቱን አየ።

"ጥሩ ነው" አለ።

አንድ ቃል ናት። እናንተስ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ብላችኋታል? ጥሩ እንዳልሆነ እያወቃችሁ፣ የሰው ፊት እንዳይጠቁር ብላችሁ፣ ስንት ጊዜ "ጥሩ ነው" ብላችኋል?

ላምቤቦ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍም አልወሰደውም። አንድ መላ አገኘ። ሽቦው ከልኩ በላይ ሲጫንበት መብራቱን የሚያጠፋ ብሬከር የሚባል ነገር አለ። ለቀጭኑ ሽቦ የሚሆነውን ትንሹን ብሬከር ገጠመ። "ሽቦው ከመጋሉ በፊት ብሬከሩ ያጠፋዋል" አለ በልቡ። ልክ ነበር። እኔ መናገር ያቃተኝን ብሬከሩ ይናገርልኝ ማለቱ ነው።

ብሬከሩም ተናገረ። የመጀመሪያው ሐሙስ አራቱ ድስት እንደ ተጣዱ ቀጭ አለና ጠፋ። መለሱት። እንደገና ጠፋ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እህት ጌጤ ነበረች። ድምፅዋ ከግቢ ውጭ የሚሰማ፣ ሥራም ሳቅም የማያልቅባት ሴት። ላምቤቦን አስጠራችው።

"ወንድም ላምቤቦ፣ ይሄ ያንተ ሳጥን ከእኔ ጋር ጠብ አለው እንዴ? ድስት ስጥድ ያኮርፋል፣ ሳወርድ ይታረቃል!"

"ሁለት ሁለቱን ብቻ ጣጂ፣ እህት ጌጤ።"

"ለስልሳ ሰው በሁለት ድስት? አይ ወንድ! እናንተ የምታውቁት መብላት ብቻ ነው።" ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ሳቁበት። "ሰዎቹ እኮ በረንዳ ላይ ሆነው ይጠብቁናል። ጠንከር ያለ አድርግልን እንጂ፣ አትፍራ!"

እዚያ ቆሞ ነበር። ሽቦው ከጭንቅላቱ በላይ፣ ከኮርኒሱ ጀርባ አለ። "ብሬከሩ ልክ ነው፣ ሽቦው ነው የማይሆነው" ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ቢል ግን ጥያቄ ይመጣል። ማን አመጣው? ለምን ያኔ አልተናገርክም? ደግሞስ አንዴ "ጥሩ ነው" ብሎ የለ? የመጀመሪያው ዝምታ ሁለተኛውን ወለደ። በማግስቱ ትንሹን ብሬከር ፈትቶ በእጥፍ የሚበልጠውን ገጠመ። አራቱም ድስት ፈሉ።

"እጅህ ይባረክ!" አለችው እህት ጌጤ።

በዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የሚናገር አንድ ነገር ብቻ ነበር። ላምቤቦ እርሱን ነው ከግድግዳው ላይ ነቅሎ ኪሱ የከተተው።

ሽቦ በአንድ ቀን አይቃጠልም። አንድ ሐሙስ አለፈ፣ ሁለት ሐሙስ አለፈ፣ አራት ወር አለፈ። አንዳንድ ቀን የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ነገር ይሸታል። "አዲስ ቀለም ነው" ይላሉ ሴቶቹ። ላምቤቦም ሐሙስ ሐሙስ በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ ነበር። ሌላ መንገድ ይዞ ይዞራል። ሰው ራሱ ያበጀውን ነገር ላለማየት የሚዞረው መንገድ እንዴት ይረዝማል!

እሳቱ የተነሣው አንድ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። እህት ጌጤ ዱቄት ልታመጣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው ዕቃ ቤት ገብታ ነበር። ዕቃ ቤቷ ሌላ በር የላትም፤ መውጫዋ በወጥ ቤቱ ነው። ኮርኒሱ ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ከዚያ እየነደደ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ወደቀ። ሴቶቹ ወደ ውጭ ሮጡ። ቢቆጠሩ አንድ ሰው ጎደለ። ያ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ድምፅ ከውስጥ ይጠራቸው ነበር። በየስማቸው ነው የጠራቻቸው።

ላምቤቦ ሁለት መንደር ርቆ የሰው ጣሪያ ላይ ነበር። ጭሱን ከዚያ ሆኖ አየው። ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ ማንም ሳይነግረው አወቀ። ከመሰላሉ እንዴት እንደ ወረደ አያውቅም። ሲደርስ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፤ ወንዶቹ ግድግዳውን በመጥረቢያ ሰበሩ፤ አወጧት። አንሶላ ላይ አስተኟት። ሁልጊዜ ምሳ ይዛ ወደምትሄድበት ሆስፒታል አስገቧት፤ አስታማሚዎቹ ከበረንዳው ተነሥተው መንገድ ለቀቁላት። ቅዳሜ ዐረፈች።

ለቅሶ ቤት ሰው ተቀምጧል። ባሏ ሱላሞ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬቱን ያያል። ሦስቱ ልጆቿ ከአክስታቸው ሥር ተኮልኩለዋል።

"ኮንታክት ነው አሉ" አለ አንዱ።

"መብራት እኮ ጨካኝ ነው" አለ ሌላው።

"የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እንጂ" አለ ሦስተኛው።

ሱላሞ ቀና አለ። "ላምቤቦ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ምንድን ነው?"

ሰው ሁሉ ወደ ላምቤቦ ዞረ። ጆሮው ጋለ።

"ኮንታክት ነው" አለ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ቀጥሎ "ጥሩ ነው" የምትል የአክብሮት ቃል ሆነች። አሁን ግን በሟቿ ባል ፊት የተነገረ ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ሲሄድ ትልቅ ገደል ዘሎ ነው? አልዘለለም። በእግሩ ነው የሄደው፣ በጨዋነት፣ ቀስ ብሎ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ላምቤቦ የተቃጠለውን ቤት ሊያጸዳ ከገባበት ጋሼ ኤርጊቾ መጡ። ትከሻቸው ላይ አዲስ ጥቅል ሽቦ አለ። ላብ አጥምቋቸዋል።

"ጠላት አያሸንፈንም ልጄ" አሉት። "ጌጤ የጀመረችው አይቆምም። ያው የድሮውን ነው ያመጣሁልህ። ከዚያው ሱቅ፣ ያንኑ ጥሩውን።"

ላምቤቦ ጥቅሉን ተቀበላቸው። ከዚያ ቢላውን አወጣና በፊታቸው ላጠው፣ ፋቀው፣ ነጩን አሳያቸው።

"ይሄ ነው ያቃጠላት ጋሼ።"

"ምን?"

"ሽቦው ነው። ለምድጃ አይሆንም ነበር። መዳብም አይደለም።"

ሽማግሌው ጫፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ በጥፍራቸውም ሞከሩት።

"መቼ አወቅህ?"

"በተጸለየበት ማግስት።"

"ቤቴ መጥተህ ቆጮ የበላህ ቀን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ጠይቄህ አልነበረም እንዴ?"

"ጠይቀውኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳያፍሩ ብዬ ነው ጋሼ።"

ጋሼ ኤርጊቾ በወደቀው ግድግዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር።

"ማፈር እችል ነበር እኮ" አሉ። "ስንት ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ። አንድ ቀን አፍሬ፣ ሁለት ቀን አፍሬ፣ ሽቦውን መልሼ ሌላ አመጣ ነበር። ሀፍረት ይታገሡታል፤ ያልፋል። ይሄንን አሁን የት ላድርሰው? የማን ትከሻ ላይ ላስቀምጠው? በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ በብርቄ ስም፣ የሦስት ልጆች እናት እሳት ውስጥ ከትቼ…"

"እርስዎ አይደሉም ጋሼ፣ እኔ ነኝ!"

"አንተማ ነህ። እኔም ነኝ። ከሀፍረት አዳንኩህ ብለህ እዚህ ውስጥ ከተትከኝ።"

እሑድ ዕለት ሁለቱ አብረው ጉባኤው ፊት ቆሙ። ሽማግሌው "ሽቦውን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አሉ። ላምቤቦ "እያወቅሁ የቀበርኩት፣ ብሬከሩንም የቀየርኩት እኔ ነኝ" አለ። ሰውን ቅር የሚያሰኝ ቃል በሕዝብ ፊት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወንድም አኒቶ ከሕንፃ ኮሚቴው ወንበር ላይ ተነሥቶ ፊቱን ሸፈነ። እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ሱላሞ ልጆቹን አስነሣና በመካከለኛው መተላለፊያ ወጥቶ ሄደ።

በኋላ ይቅር አለው ወይ? አዎ እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ። አውቃለሁ፣ ልባችሁ ያን ይጠብቃል። አልልም። ላምቤቦ በሕግ የሚገባውን ቅጣት ተቀብሎ ወጥቷል፤ ሱላሞን መንገድ ላይ ሲያገኘው ኮፍያውን ያወልቃል፤ ሱላሞ ያልፈዋል። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ጋሼ ኤርጊቾም ብዙ አልቆዩም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ምናልባት "ከላይ ቀይ ከውስጥ ነጭ፣ ይህ የግብዞች ምሳሌ ነው" ብላችሁ ጎረቤታችሁን በዓይናችሁ ፈልጋችሁ ይሆናል። ተዉት። ሽቦው ማንንም አልዋሸም። አሉሚኒየም ነበር፤ እንደ አሉሚኒየም ሆነ። ቀጭን ነበር፤ እንደ ቀጭን ሆነ። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሽቦው አይደለም። ስላወቀው ሰው ነው።

እናንተ የምታውቁት ምንድን ነው?

ወንድማችሁ ሊያገባት ያሰባትን ሴት እንደሚመታት የምታውቁ አላችሁ፤ ለሽምግልና ግን ነጭ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ሄዳችኋል። ጓደኛችሁ ጠጥቶ ሰው ጭኖ እንደሚነዳ የምታውቁ አላችሁ፤ ጠዋት ስታገኙት "ደኅና አደርክ" ትሉታላችሁ። እኔም የማውቀው አለ። በዚህ መድረክ ላይ የተነገረ ስሕተት ሰምቼ፣ የተናገሩት ታላቅ ሰው ስለ ሆኑ አንገቴን ደፍቼ የተቀመጥኩበት ቀን አለ።

ስማችንስ ማን ነው? ጨዋ። ትሑት። ሰው የማያስቀይም።

ይሉኝታችሁን ፍቅር አትበሉት። ለጋሼ ኤርጊቾ ያዘነ ሰው "አይሆንም ጋሼ" ይላቸው ነበር። ላምቤቦ ያዘነው ለራሱ ነው፤ የእርሳቸው ፊት ሲጠቁር እንዳያይ። "ጸልየንበታል" ብላችሁም አትደበቁ። ጸሎት ቀጭኑን ሽቦ ወፍራም አላደረገውም። እግዚአብሔር ለዚያ ቤት የሚያውቅ ሰው ሰጥቶት ነበር፤ እርሱ ዝም አለ።

አሁን በልባችሁ አንድ ሰው መጥቷል። ፊቱ ታይቷችኋል። "ከዚህ በኋላማ እንዴት ብዬ?" እያላችሁ ነው። የሚቀጥለው ቀን ከዛሬው ይከብዳል። ዛሬ አንድ ቃል ነው፤ ነገ ሁለት ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ በለቅሶ ቤት ይጠየቃል።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ወደ እርሱ ሂዱ። ድምፃችሁ ይንቀጥቀጥ፣ ጆሯችሁ ይጋል፣ ግን ንገሩት። ይቆጣ። ያኩርፍ። ደጁን ይዝጋባችሁ። እርሱ ይፈር፤ እናንተም እፈሩ፤ ሰው ግን ይኑር።